ድንጋይ የተሸከመውና ደወል የደወለው

አማርኛ ለመሸነፍና ለመጠጋት ሁለት የተለያዩ አነጋገሮች አሉት። «እጅ መስጠት» የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ጥይቱ ያለቀበት ወይም ወገኑ የተበተነበት ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ላሸነፈው ሲያድር የሚነገር ነው። በቀድሞው ዘመን ሸፍቶ የነበረ መኰንን ለንጉሥ ሲገባ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከዙፋኑ ፊት ይደፋና ንጉሡ ምሬሃለሁ እስኪለው ድረስ ቀና አይልም ነበር፤ ራስ መንገሻ ዮሐንስም በ1886 ዓ.ም. ከትግራይ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ለዳግማዊ ምኒልክ የገቡት በዚሁ ሥርዓት ነው። «መማፀን» ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ ዘመን ደመኛ የሚያሳድደው ሰው የመማፀኛ ክብር ወደነበረው ደብር ሮጦ ደወሉን ሲደውል፣ ያን ያደርግ የነበረው ተሸንፎ ሳይሆን ከአሳዳጁ የሚበልጥ ጠባቂ በየትኛው ደጅ እንደሚገኝ ስለሚያውቅ ነው። ድንጋይ የተሸከመውም ደወል የደወለውም እጃቸው ባዶ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዐይኑ ያረፈው ባሸነፈው ላይ ሲሆን የሁለተኛው ዐይን የሚፈልገው የሚያስጥለውን ነው።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማንሣት የሚያስፈልገው በሂንዱዎች እምነት ራስን ለፈጣሪ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። ነገሩ የሚጠራበት የሳንስክሪት ቃል ሸረናጋቲ ይባላል። ሳንስክሪት የሂንዱዎች ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉበት ጥንታዊ ቋንቋ ሲሆን በሕንድ ያለው ቦታ ግእዝ በኢትዮጵያ ካለው ቦታ ጋር ይቀራረባል። «ሸረና» ማለት መጠለያ፣ መጠጊያ ማለት ሲሆን «አጋቲ» ደግሞ መምጣት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ ሲፈታ ወደ መጠጊያ መምጣት ይሆናል። በደቡብ ሕንድ ሊቃውንት ዘንድ የተለመደው ሁለተኛው ቃል፣ ፕራፓቲ፣ ከአንድ ሰው እግር ሥር ወድቆ መጠጋትን ያመለክታል። የአውሮፓ ተርጓሚዎች ሁለቱንም ቃላት በጦር ሜዳው ቃል ስለተረጎሟቸው ትርጉሙን በእነሱ በኩል የተቀበለ አንባቢ ሁሉ ድንጋይ የተሸከመውን ሰው ያያል፤ ሕንዳዊው አማኝ ግን የሚያስበው ደወል የደወለውን ነው። በዚህ ረገድ የአማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው፣ ትክክለኛው ቃል ከቤቱ ሳይወጣ ይገኝለታልና።

ለላስታ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ራሱ እንግዳ አይደለም። የሙጃ ከተማ የምትገኝበት የግዳን ደጋ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚነሣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራና ከዚያ ወዲያ ያለው የላሊበላ አገር የዛጔ ነገሥታት የኖሩበት ነው፤ የእነዚህ ነገሥታት ስሞች ደግሞ አንድ በአንድ ሲፈቱ የጸሎት ያህል ናቸው። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተነባበረ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ንጉሥ ስሙ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው፤ ፍቺውም ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። በዙፋን ተቀምጦ ሕዝብ የሚመራ ሰው በየቀኑ ሲጠራ የሚሰማው የእሱ መሪ ሌላ መሆኑን ነበር። ላሊበላም የነገሠበት ስም ገብረ መስቀል ነው፣ የመስቀል አገልጋይ፤ «ገብር» የሚለው የግእዝ ቃል ሳይለዝብ ከተተረጎመ ባሪያ ማለት ነው። ከእሱ ጋር ስሙ የሚነሣው ነአኩቶ ለአብ ደግሞ አብን እናመሰግነው ማለት ነው። ራስን የመስጠት ሐሳብ በመጽሐፍ ከመብራራቱ በፊት በስም አጠራር ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ በሕንድም የሚታይ ነገር ነው።

የደቡብ ሕንዱ መምህር የራማኑጃ ተከታይ የሆነ ሂንዱ ወደ ማኅበሩ ሥርዓት ሲገባ በመምህሩ እጅ አምስት ነገሮች ይፈጸሙለታል። በቀኝ ትከሻው ላይ የሚያመልከው አምላክ የቪሽኑ መሣሪያ የሆነው ቀለበት መሰል የብረት ጎማ፣ በግራው ደግሞ የባሕር ዛጎሉ ምስል በእሳት በጋለ ማኅተም ይታተምበታል፤ በግንባሩና በአካሉ ላይ የማኅበሩን ምልክት እንዲቀባ ይፈቀድለታል፤ ምሥጢራዊው ጸሎትና የአምልኮው ሥርዓት ይሰጠዋል፤ ከእነዚህም ጋር በ«ዳስ» ወይም «ዳሳ» የሚያልቅ አዲስ ስም ይወጣለታል። ዳስ ከሠርጉ ዳስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ በሳንስክሪት አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው፤ ራምዳስ ሲባልም በሰው አምሳል የተገለጠ አምላክ ነው የሚሉት የራማ አገልጋይ ለማለት ነው። በግንባሯ መስቀል የተነቀሰች፣ በአንገቷ ማዕተብ ያሰረች፣ የክርስትና ስሟ አመተ ማርያም የሆነ የላስታ እናት ይህን ብትሰማ ዝርዝሩ ባዕድ ሊሆንባት ይችላል እንጂ አሳቡ አይጠፋትም፤ «አመት» ማለት ገረድ፣ ሴት አገልጋይ ነውና። በወሎ ምድር አብሯት የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤቷም ልጁን አብደላ ሲል የአላህ ባሪያ ማለቱ ነው፤ የሃይማኖቱ ስም ራሱ ለፈጣሪ ራስን ማስገዛት ማለት መሆኑም የታወቀ ነው። ሰውነት ላይ የሚቀር ምልክትና የማይወልቅ ስም የሚያስፈልጉት፣ እንደሚመስለው፣ ሰው ራሱን ከሰጠ በኋላ ማለዳ ተነሥቶ መልሶ የመውሰድ ጠባይ ስላለው ነው።

ስለ ሸረናጋቲ ብዙ ከሚነገርባቸው መጻሕፍት አንዱ 18 ምዕራፍና 700 ያህል አንቀጾች ያሉት ባጋቫድ ጊታ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ለውጊያ በተሰለፉ ሁለት ጦሮች መካከል ነው፤ አርጁና የተባለው ልዑል ከፊቱ የተሰለፉት ዘመዶቹና መምህራኑ መሆናቸውን ሲያይ እጁ ተብረክርኮ ቀስቱን ይጥላል፣ ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽናም፣ እሱም በሂንዱዎች እምነት በሰው አምሳል የተገለጠ አምላክ ነው፣ መጽሐፉን የሞላውን ትምህርት ያስተምረዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ 66ኛው አንቀጽ ላይ ትምህርቱ ወደ ጫፉ ይደርሳል፤ አርጁና በሌላ ግዴታና በሌላ መንገድ መመካቱን ትቶ በአምላኩ ብቻ እንዲጠጋ፣ ስለ ኃጢአቱም እንዳያዝን ይነገረዋል። የደቡብ ሕንድ ሊቃውንት ይህን አንቀጽ የመጨረሻው ቃል ብለው በተለየ ክብር ይይዙታል። ብዙ አንባቢ የሚያልፈው ግን ከጥቂት አንቀጾች በኋላ የሚሆነውን ነው፤ አርጁና ጥርጣሬው እንደለቀቀው ተናግሮ ለመታዘዝ ይነሣል፣ ትረካው ሲቀጥልም የጣለውን ቀስት ያነሣል። መሣሪያውን የጣለው ራሱን ከመስጠቱ በፊት ነው፤ ከሰጠ በኋላ ያነሣዋል። እጅ መስጠት ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ወደ መጠጊያ የመምጣቱ ነገር በግልጽ የሚታየው ግን በራማያና ውስጥ ነው። ራማያና የልዑል ራማንና ሚስቱን ሲታን የጠለፈበትን የራቫናን ጦርነት የሚተርክ ረጅም ግጥም ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ የራቫና ታናሽ ወንድም ቪቢሻና ወንድሙን ሲመክር ተሰድቦ ከአራት ባልንጀሮቹ ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ ራማ ሰፈር ይመጣል። የራማ አማካሪዎች ይጠራጠራሉ፤ የጠላት ወንድም ነው፣ ሰላይ ይሆናል፣ የገዛ ወንድሙን የከዳ ለሌላ አይታመንም ይላሉ። ይህ ምክር በየትኛውም ቤተ መንግሥት ቢሰማ ጠቢብ የሚያሰኝ ነው። ራማ ግን አንድ ጊዜ እንኳን የአንተ ነኝ ብሎ የተጠጋውን ከሚያስፈራው ሁሉ መጠበቅ መሐላው እንደሆነ፣ የመጣው ራቫና ራሱ ቢሆንም እንደሚቀበለው ተናግሮ አማካሪዎቹን ዝም ያሰኛል። ድንጋይ ተሸከም አላለውም፣ ዋስ ጥራ አላለውም። የደቡብ ሕንድ መምህራን ይህን ታሪክ ሲያብራሩ የሚያተኩሩት በቪቢሻና ትሕትና ላይ ሳይሆን በራማ ጠባይ ላይ ነው፤ የተማፀነው ሰው መልካምነት ከተመዘነ መማፀኑ መማፀን አይሆንምና።

ቪሽኑን የሚያመልኩት ወገኖች ጥንታዊ መጻሕፍት ሸረናጋቲ ስድስት ብልቶች እንዳሉት ያስተምራሉ። አምላክን ደስ የሚያሰኘውን ለማድረግ መቁረጥ፣ የማያስደስተውን መተው፣ እንደሚጠብቅ ማመን፣ ከሌላው ሁሉ እሱን ጠባቂ አድርጎ መምረጥ ከብልቶቹ አራቱ ሲሆኑ እነዚህ ለማንኛውም አማኝ ግልጽ ናቸው። ክርክር ያስነሡትና ብዙ የተጻፈባቸው የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው ካርፓንያ ይባላል፤ ሰው ራሱን ለማዳን የሚያበቃ አንዳች አቅም በእጁ እንደሌለ ማወቁ ነው፣ በአማርኛ ምስኪንነት ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው ራስን ማስረከብ ሲሆን ሊቃውንቱ ሸክምን ማውረድ ብለውም ይጠሩታል። ራሱን ያስረከበ ሰው የሚያወርደው ሥራውን ሳይሆን ነፍሴን ማን ያድናት የሚለውን ጭንቀት ነው፤ አደራ ያስቀመጠ ሰው ዕቃዬ ጠፋ ብሎ ሌሊት እንደማይባንን ማለት ነው። ይህ ትምህርት በተለየ ጥራት የተነገረው በባህላዊው አቈጣጠር እ.ኤ.አ. ከ1017 እስከ 1137 ኖረ በሚባለው በራማኑጃ ነው። እሱ ያገለገለበት የሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ በካቬሪ ወንዝ ደሴት ላይ እስከ ዛሬ አለ። ገድሉ እንደሚተርከው ምሥጢራዊውን ጸሎት ለመማር ወደ አንድ መምህር 18 ጊዜ ተመላልሶ ደጅ ከጠና በኋላ ለማንም ብትነግር ሲዖል ትገባለህ ተብሎ ተሰጠው፤ እሱ ግን በማግስቱ የአንድ ቤተ መቅደስ ግንብ ላይ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጮኾ አሰማ፣ ሲጠየቅም ብዙዎች ከዳኑ የእሱ አንድ ነፍስ ብትጠፋ ግድ እንደሌለው መለሰ። ነፍሴን ማን ያድናት የሚለውን ሸክም ያወረደ ሰው ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ሥዕል አይገኝም።

ከራማኑጃ በኋላ ተከታዮቹ በአንድ ጥያቄ ላይ ተለያዩ፤ ራስን መስጠት ራሱ የሰው ሥራ ነው ወይስ የአምላክ? ሰሜኖቹ የሚባሉት፣ መምህራቸው እ.ኤ.አ. እስከ 1369 ገደማ የኖረው ቬዳንታ ዴሺካ ነው፣ ከሰው ቢያንስ መያዝ ይጠበቃል ይላሉ፤ ምሳሌያቸውም የጦጣ ግልገል ነው። ደቡቦቹ፣ መምህራቸው ፒላይ ሎካቻሪያ፣ የድመት ግልገል ይላሉ፤ እናቱ በማጅራቱ ነክሳ ትወስደዋለች እንጂ እሱ የሚያደርገው ምንም የለም። የላስታ እረኛ ይህን ክርክር መጽሐፍ ሳይገልጥ ሊከታተለው ይችላል፤ በአቡነ ዮሴፍ ገደል ጫፍ ላይ ሣር የሚነጩ የጭላዳ እናቶች በድንገት ሲሮጡ ግልገሎቻቸው ሆዳቸውን ጨብጠው ተንጠልጥለው ሲሄዱ፣ ማታ ደግሞ በገዛ ጎጆው ድመቷ ዐይናቸው ያልተገለጠ ልጆቿን ከጎተራ ሥር ወደ ምድጃው ዳር አንድ በአንድ እየነከሰች ስታግዝ ያያል። የጭላዳው ግልገል ቢለቅ ይፈጠፈጣል፤ የድመቷ ግልገል ቢንፈራገጥ ጉዞውን ያስቸግራል። የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ቀላል ሰዎች አልነበሩም፣ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። የሚያስገርመው የትምህርት ሐረጋቸውን ከአንድ መምህር የሚቆጥሩት እነዚህ ወገኖች ግንባር ላይ በሚቀባው ምልክት ቅርጽና በቤተ መቅደስ የአገልግሎት መብት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እስከ መካሰስ መድረሳቸው ነው። ቢሆንም በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ለረጅም ጊዜ የዘለቀውን የሃይማኖት ጭቅጭቅ በሥልጣን የደመደሙበት የወሎ አገር በሌላው ጠብ ለመሳቅ ብዙ ድፍረት አይኖረውም።

ሕዝቡ ግን ጥያቄውን በተረት ይፈታዋል። ጊታ በውስጡ በሚገኝበት በማሃባራታ ግጥም ያለችው ልዕልት ድራውፓዲ በጉባኤ መካከል ልብሷን ሊገፍፏት ሲይዟት፣ ሕዝቡ እንደሚተርከው፣ በአንድ እጇ ልብሷን ጨብጣ በሌላው ወደ ክሪሽና ስትለምን ምንም አልሆነም፤ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ ባነሣች ጊዜ ግን ልብሱ ቢጎተት ቢጎተት የማያልቅ ሆነ። የላስታም ትውፊት ለዚሁ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፈሉ ቀን የሠራው ሰው ነው፣ ሌሊት የሠሩት መላእክት ናቸው፣ ሠራተኞቹም ጠዋት ሲመጡ ትናንት ያልደረሱበት ሥራ ተሠርቶ ያገኙ ነበር ይባላል፤ ሥራው የፈጀውም 23 ዓመት ነው ይባላል። ተረቱ የቀኑን ፈረቃ አልሰረዘም። መላእክቱ ቀንም ሌሊትም ሠሩ ማለት ይቻል ነበር፣ ትውፊቱ ግን መሮና መጥረቢያ የያዘውን ሰው ከቦታው አላነሣውም፤ ሰውየው ያወረደው መሮውን ሳይሆን ይህ ዐለት በዕድሜዬ ያልቅ ይሆን የሚለውን ጭንቀት ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ስለት ከሸረናጋቲ የተለየ ነገር ነው። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣው ሕዝብ ጃንጥላና ጧፍ ይዞ የሚገባው ልጅ ከሰጠኸኝ፣ ከሕመሜ ካዳንኸኝ ብሎ የተሳለውን ለማድረስ ነው፤ በሕንድም ወደ ቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ የሚሄዱ እልፍ አእላፍ ሰዎች ጠጉራቸውን ተላጭተው የሚሰጡት እንዲሁ ስለታቸውን ለመክፈል ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም፣ ችግረኛ ሰው ከጠባቂው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው፤ ነገር ግን «ከ» እና «ካ» ባሉበት ንግግር ውስጥ ውል አለ፣ ውል ባለበት ደግሞ ራሱን የሰጠ ሰው የለም። የራማኑጃ ወገኖች ራሱን ያስረከበ ሰው ከዚያ በኋላ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ማገልገል ነው ይላሉ።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን መማፀንን ከመታከት ጋር ማምታታት ነው። በሙጃ ዙሪያ ያለው ገበሬ በበልግ ዝናብ የገብስ ዘር ሲበትን ዝናቡ ይቀር ይሆን፣ ውርጭ ይመታው ይሆን፣ በረዶ ያራግፈው ይሆን የሚለው ሁሉ ከእጁ ውጭ ነው፤ «ባለቤቱ ያውቃል» ይላል፣ ይህን ብሎም ማሳውን ደግሞ ያርሳል፣ አረሙን ይነቅላል፣ የጎርፍ ቦዩን ይቆፍራል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የፈጀው ረኀብ ሲሸሸግ የነበረው ግን በሌላ ዓይነት «የእግዜር ነገር» ነው፤ ሊያውቁና ሊረዱ የሚገባቸው ሹማምንት የራሳቸውን ግዴታ ለሰማይ ትተው ሕዝቡን ለመንገድ ዳር ሞት ተዉት። የገበሬው ቃልና የሹሙ ቃል አንድ ዓይነት ቢመስሉም የመጀመሪያው መማፀን ሲሆን ሁለተኛው ሽሽት ነው። በአዲስ አበባ ሆስፒታል ስሙ የተሰየመለት ማኅተመ ጋንዲ ጊታን ወደ ጉጃራቲ ቋንቋ ሲተረጉም ማዕከል አድርጎ የያዘው ይህንኑ ነጥብ ነው፤ ለእሱ መጽሐፉ የሚያስተምረው ሥራን መተው ሳይሆን ከሥራው ፍሬ ላይ የባለቤትነትን እጅ ማንሣት ነበር፣ ይህንም ያለው በእስር ቤትና በሰልፍ መካከል እየተመላለሰ የኖረ ሰው ነው።

ሁለቱ አገሮች የሚለያዩበት ነገርም አለ፣ መሸፈን የለበትም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፍጹም የሆነውን ራስን መስጠት በዋናነት በምንኩስና ታየዋለች፤ መናኙ በረድእነት ከተፈተነ በኋላ ቅናትና ቆብ ሲቀበል የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፣ ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራልና። የራማኑጃ ትምህርት ግን ሸማኔውም ሸክላ ሠሪውም ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ ሥራውም እንዳለ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ሸክሙን ማውረድ ይችላል የሚል ነው፤ ይህን በማለቱም በዘር ክፍፍል ታጥሮ በነበረው የሕንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ በር ከፍቷል። ከዚህም በላይ ሂንዱው የሚያመልጠው ከተደጋጋሚ መወለድና መሞት ሲሆን የላስታው መነኩሴ የሚጠብቀው ትንሣኤ ሙታንን ነው። ቋንቋቸው የሚገናኘው በሚደርሱበት ሳይሆን በሚጠጉበት ደጅ ነው።

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ በዋሻ ከንፈር ሥር የተሠራው የነአኩቶ ለአብ ገዳም አለ። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ክረምት ከበጋ ይንጠባጠባል፤ ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ የክርስቶስን መከራ እያሰበ ዕለት ዕለት ያለቅስ ስለነበር ስለ እንባው ዐለቱ እንዲያነባ ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል፣ እሱም አልሞተም፣ ተሰውሯል። ጠብታው የሚወርድባቸው ቦታዎች ላይ በጊዜ ብዛት ጠርዛቸው የለሰለሰ የድንጋይ ገበታዎች ተቀምጠዋል። ውሃው ጸበል ነው። ሊጠጣ የመጣ ሰው ጠብታውን ማፋጠን አይችልም፤ ከገበታው ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሲሞላም ይቀዳለታል።